የእርሳስ ምርመራ ለጋራዥ ሠራተኞች፦ ከመርፌው በፊትና ከውጤቱ በኋላ

ይህ መመሪያ በየካ ክፍለ ከተማ ጋራዥ፣ ባትሪ ቤት፣ ራዲያተር ቤት ወይም የብረታ ብረት ወርክሾፕ ለሚያስተዳድሩ ሰው የተጻፈ ነው። መገናኛ ዙሪያም ይሁኑ ሾላ፣ ላምበረትም ይሁኑ ኮተቤ፣ ወይም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ሥራው ያው ነው። አሮጌ ባትሪ ይከፈታል፣ እርሳስ ይቀልጣል፣ የመኪና አሮጌ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። እርሳሱ በትንፋሽና በእጅ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። ምን ያህል እንደገባ በዓይን አይታወቅም፤ በደም ምርመራ ግን ይለካል።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይወስኑ። ውጤቱ ከፍ ብሎ ቢመጣ በወርክሾፑ ላይ የሚቀይሩት ነገር አለ? ከሌለ ደም አያስቀዱ። የሚለካው የሠራተኛው ደም ቢሆንም ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ክፍሉ አየር፣ ስለ መጥረጊያው፣ ስለ ምሳ ቦታው ነው። ከፍ ያለ ቁጥር የመጣበትን ሰው አሰናብቶ በቦታው ሌላ ወጣት መቅጠር ሁለተኛውን ለመመረዝ መዘጋጀት ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ የትራንስፖርት ድርጅቶች የባትሪ ጥገና ክፍሎች ውስጥ የሚሠሩትን ሰዎች መርምሮ፣ በደማቸው ያለው እርሳስ ከሌሎች ሠራተኞች በግልጽ የበለጠ መሆኑን አሳይቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጅማ ከተማ ውስጥ የጋራዥ ሠራተኞች ተመረመሩ። ሁሉም ከ10 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በላይ ሆነው ተገኙ፤ ግማሽ የሚጠጉት ከ20 በላይ ነበሩ። (ከዚህ በኋላ ቁጥር ብቻ ስጽፍ በዚሁ መለኪያ ነው፤ አንድ ዴሲሊትር የሊትር አንድ አሥረኛ ነው።) የሥራ ዘመናቸው በረዘመ ቁጥር በደማቸው ያለው እርሳስም ጨምሮ ነበር።

ከሁለቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሦስተኛው ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመው የጅማ የግንባታ የቀን ሠራተኞች ጥናት የሠራተኞቹን አማካይ 40 ገደማ አድርጎ ሲያገኘው፣ ለማነጻጸሪያ የተመረጡት ሰዎች ራሳቸው 30 ገደማ ነበሩ። ለማነጻጸሪያ የቀረበ ሰው እንዲህ ከፍ ካለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተወሰደ ደም እርሳሱ ከሥራ ይምጣ ከቤት መለየት አይችልም። ስለዚህ ይህ መመሪያ ደጋግሞ የሚመለስበት ምክር አንድ ነው፦ ሰውየውን ከራሱ ጋር ያነጻጽሩት። ሥራ ሲጀምር፣ ከዚያም በየጊዜው፣ በአንድ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ዓይነት አሠራር።

ማን ይመረመር?

አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ወርክሾፑ ውስጥ ቆመው ይመልከቱ። ቢሮ ሆነው የሚያወጡት ዝርዝር ሁልጊዜ ይጎድላል። ቀዳሚው ባትሪ የሚጠግነው ነው፤ ሳህኖቹን የሚያወጣው፣ ደለሉን የሚያራግፈው፣ እርሳስ አቅልጦ የሚያፈሰው። ቀጥሎ ራዲያተር የሚበይደው ይመጣል፤ የሚበይድበት ማጣበቂያ ብዙ ጊዜ እርሳስ ያለበት ነውና። ባቲላሜራው አሮጌ ቀለም በግራይንደር ሲያነሳ፣ ቀለም ቀቢው ስቱኮውን ሲፍቅ የሚነሳው አቧራም እንዲሁ ነው። አገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ከ90 እንዳይበልጥ ወስናለች። ደንቡ ግን ከዚያ በፊት በመኪናና በግድግዳ ላይ የተቀባውን አያነሳውም። ሞተር የሚፈታው ከአባቱ ዘመን ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ እርሳስ ያለበት ቤንዚን ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች በ2006 እ.ኤ.አ. ቀርቷል። ጎሚስታውም የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ በእጁ ይነካል፤ ነገር ግን ስለማያቀልጠውና ስለማይፈጨው ከዝርዝሩ ታች ቢገባ ችግር የለውም።

ከዝርዝሩ የሚረሱት ግን ሌሎች ናቸው። ማታ መሬቱን የምትጠርገው ሴት ከባትሪ ጠጋኙ የበለጠ አቧራ ልትተነፍስ ትችላለች። ዘበኛው ብዙ ጊዜ የሚያድረው እዚያው ባትሪው ቻርጅ በሚደረግበት ክፍል ጥግ ነው፤ ሌሎቹ ስምንት ሰዓት ሲቆዩ እሱ ሌሊቱን ይጨምርበታል። ሻይ የምታፈላው ልጅ ስኒዎቿን የምትደረድረው ግራይንደሩ አጠገብ ከሆነ እሷም ትጻፍ። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ለማጅ ካለ የሚጻፈው ለምርመራ አይደለም፤ ከዚያ ክፍል ለመውጣት ነው። ሕጉ ወጣት ሠራተኛን በአደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራት ይከለክላል።

ሌላ ብረት ካለ ናሙናውም ይለወጣል። ክሮሚየም (ቆዳ ፋብሪካ፣ የማይዝግ ብረት ብየዳ) በአብዛኛው የሚለካው በሽንት ነው። አርሴኒክም በሽንት። ካድሚየም በደም ሲለካ የቅርቡን፣ በሽንት ሲለካ የረጅም ዘመኑን ያሳያል። ሜርኩሪ እንደ ዓይነቱ በሁለቱም ይታያል። በብረት በያጅ ላይ የሚያሳስበው ማንጋኒዝ ግን በደም ምርመራ እምብዛም አይታመንም፤ እዚያ ላይ ገንዘብዎን ለአየር ማስወጫ ቢያውሉት ይሻላል። የደም ምርመራ እውነተኛ ዋጋው ለእርሳስ ነው።

ለሠራተኛው ምን ይነግሩታል?

ይህን ክፍል ዘልለው መርፌ ይዘው ከመጡ ግማሹ ሰው በዚያ ቀን ይቀራል። «ደም ሊወስዱ ነው» ሲባል ሠራተኛው መጀመሪያ የሚያስበው ኤችአይቪን ነው፤ ቀጥሎ «ታመሃል ብለው ሊያባርሩኝ ነው» ይላል። ሁለቱንም በግልጽ፣ በስብሰባ፣ የሥራ ባልደረቦቹ በሚሰሙበት ይመልሱለት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ የሚቀጠሩትንና በአደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን ሠራተኞች በራሱ ወጪ የጤና ምርመራ እንዲያስደርግ ያዝዛል፤ የኤችአይቪን ምርመራ ግን ከዚህ ይለየዋል። ስለዚህ በጥያቄ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈውን ለሠራተኛው አንብበው ያሳዩት፦ እርሳስ፣ ሄሞግሎቢን፣ ክሪያቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)። ሌላ የለም። ወጪው ከደመወዙ እንደማይቆረጥ፣ ለምርመራ የሄደበት ሰዓትም እንደ ሥራ ሰዓት እንደሚቆጠር ይንገሩት።

ውጤቱን ማን እንደሚያየውም አስቀድመው ይወስኑ። ሐኪሙና ሠራተኛው ሙሉውን ያያሉ። እርስዎ ማየት ያለብዎት የእርሳሱን ቁጥርና «ከእርሳስ ሥራ ይነሳ» ወይም «ይቀጥል» የሚለውን ውሳኔ ነው። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስም ከቁጥር ጋር መለጠፍ፣ ለማስተማር ታስቦ እንኳ ቢሆን፣ የሚቀጥለውን ዙር ያከሽፈዋል።

ምልክቶቹንም ይንገሯቸው፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ሌላ ስም ተሰጥቷቸው ኖረዋል። የሆድ ቁርጠትና ድርቀት ለዓመታት «ጨጓራ» ተብሎ ይታከማል። ድካሙና የመገጣጠሚያ ሕመሙ ታይፎይድ ይባላል፣ ታይፈስ ይባላል። መርሳት፣ መነጫነጭ፣ የወንድነት መድከም ደግሞ ለሰው አይነገርም፤ አንዳንዱ ለዚሁ እንጦጦ ወጥቶ ጠበል ይጠመቃል። ይጠመቅ፤ ምርመራው ጠበሉን አይከለክልም፤ ጠበሉም ምርመራውን አይከለክልም። የደም ግፊትም ከእርሳስ ጋር የሚሄድ ነገር ስለሆነ በምርመራው ቀን ግፊታቸው አብሮ ይለካ።

ላቦራቶሪ ሲመርጡ

የደም እርሳስ ምርመራ እንደ ስኳር ምርመራ በየክሊኒኩ የሚገኝ አይደለም። የሚነጋገሩት ከዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም ይሁን ከየካ ኮተቤ፣ ከግል ላቦራቶሪም ይሁን፣ ጥያቄዎቹ ያው ናቸው። ምርመራውን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ ወይስ ትልኩታላችሁ? የምትልኩት ከሆነ ወዴት ነው፣ ስንት ቀንስ ይወስዳል? ዝቅተኛው ልታነቡት የምትችሉት መጠን ስንት ነው? (ከ5 በታች ማንበብ የማይችል መሣሪያ ለሠራተኛ ክትትል አይበቃም።) በውጭ የጥራት ማረጋገጫ ፕሮግራም ትሳተፋላችሁ? ቱቦውንስ ማን ያቀርባል?

የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ ውጤት የሚበላሸው ግን እዚያ ነው። ቱቦው ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ የያዘና ለብረት ምርመራ የተረጋገጠ መሆን አለበት። አምራቾች ይህን ዓይነት ብዙ ጊዜ ክዳኑን ጥቁር ሰማያዊ ያደርጉታል። እሱ ከሌለ ተራው ሐምራዊ ክዳን ያለውን መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን ላቦራቶሪው ከዚያው ካርቶን ባዶ ቱቦዎች ወስዶ እርሳስ እንደሌለባቸው አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

በጣት ጠብታ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው ቢያጋጥምዎ አይመልሱት፤ ሁለት ነገር ግን ይጠይቁት። አንደኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የመሣሪያው መመሪያ እስከ ስንት ሜትር እንደሚሠራ ይናገራልና ገልጦ ያሳይዎ። ሁለተኛው፣ ከፍ ያለ ውጤት ሲመጣ ከክንድ ደም ሥር በተወሰደ ደም፣ በትልቅ ላቦራቶሪ ዳግም ይረጋገጣል ወይ? የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 እ.ኤ.አ. አንድ ታዋቂ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ከደም ሥር የተወሰደ ደምን ሲያነብ ከእውነቱ ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ስለዚህ ያን ዓይነት መሣሪያ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ብቻ ይጠቀሙበት።

ደም የሚቀዳበት ቀን

ቀኑን በካላንደር ላይ ሲመርጡ ስለ በዓላት ያስቡ። በደም ውስጥ ያለ እርሳስ ከመጋለጥ ከራቁ በአንድ ወር ገደማ ግማሽ ያህሉ ይቀንሳል። ለመስቀል አገር ቤት ደርሶ ሦስት ሳምንት ቆይቶ የተመለሰ ሠራተኛ በማግሥቱ ቢመረመር ዝቅ ያለ፣ የሚያስደስት፣ ነገር ግን የሚያታልል ቁጥር ያመጣል። ቢያንስ አንድ ወር ተከታታይ ከሠራ በኋላ ይመርመር። በዓመት ሁለት ዙር ካደረጉ ወራቱን አይቀያይሩ፤ ለምሳሌ ኅዳርና ግንቦት ብለው ያጽኑ።

ደሙን ወርክሾፑ ውስጥ አያስቀዱ። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ምክንያቱም ባለሙያውን ወደ ጋራዡ መጥራት ሁልጊዜ ይቀላል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለ አቧራ ቱቦው አፍ ላይ ቢያርፍ የሚለኩት ጠረጴዛውን ነው። ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር፣ ገላውን ታጥቦ ንጹሕ ልብስ ለብሶ በቀጥታ ከቤቱ ወደ ጤና ጣቢያው ወይም ወደ ክሊኒኩ ይምጣ። እዚያም እጁንና ክንዱን በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ አልኮሉ ከዚያ ቀጥሎ ነው። አልኮል ጀርም ይገድላል፤ እርሳስን ግን አያነሳም፣ ይቀባዋል እንጂ። ጣት ተወግቶ የሚወሰድ ጠብታ በቀላሉ ውሸት የሚናገረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የባትሪ ጠጋኝ የጣት ጫፍ ተቦርሾም ሙሉ በሙሉ አይነጻም።

ቱቦው ከሞላ በኋላ ወዲያው ስምንት አሥር ጊዜ በቀስታ ወደ ላይና ወደ ታች ይገለባበጥ። አይናጥ። የረጋ ደም ለዚህ ምርመራ አይሆንም፤ ከእርሳሱ የሚበዛው ክፍል ያለው በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ነውና። ከዚያ በበረዶ ሣጥን፣ ከበረዶው ጋር በቀጥታ ሳይነካካ፣ ወደ ላቦራቶሪው ይሂድ።

አንድ የቆየ ብልሃት ልጨምር። በእያንዳንዱ ዙር ከአንድ ፈቃደኛ ሠራተኛ ሁለት ቱቦ ያስቀዱ፤ ሁለቱን በተለያየ ኮድ ይላኩ። ላቦራቶሪው 18 እና 19 ብሎ ከመለሰ ደህና ነው። 11 እና 26 ካለ ሌሎቹንም ውጤቶች ከማመንዎ በፊት ስልክ ይደውሉ። የአንድ ምርመራ ዋጋ ጨምረው የሙሉውን ዙር እምነት ይገዛሉ።

በዚያው ቀን ከእያንዳንዱ ሰው የሚጻፍ አጭር መረጃ አለ፦ በዚህ ሥራ ስንት ዓመት፣ ባለፉት ሦስት ወራት በምን ክፍል እንደሠራ፣ መቼ ዕረፍት እንደወጣ፣ ሲጋራ ወይም ጫት በሥራ ሰዓት ይጠቀም እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ኩል የሚኳል ሰው እንዳለ። ኩሉን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዳንዱ ኩል የሚሠራው እርሳስ ካለበት ድንጋይ ነው፤ አንድ ሠራተኛ ከባልደረቦቹ ሁሉ ተለይቶ ከፍ ሲል መጀመሪያ የሚመረመረው ቤቱ ነው።

ቁጥሩን ማንበብ

እርሳስ በሰውነት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ስለሌለው «የሚያስፈልግ መጠን» የሚባል የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ማንኛውም ሰው 5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ ተፈልጎ እርምጃ እንዲወሰድ ይመክራል። ለሠራተኞች ክትትል የሙያ ጤና ሐኪሞች በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጡት ምክር እስከ ዛሬ ለትንሽ ወርክሾፕ የሚመች ነው። ሰውየው ሥራ ሲጀምር ይመረመራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየወሩ ይደገማል። ከ10 በታች ከሆነ በየስድስት ወሩ ይቀጥላል። ከ10 እስከ 19 ከሆነ በየሦስት ወሩ ይመረመራል፤ ክፍሉም ይመረመራል። 20 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በአራት ሳምንት ውስጥ ይደገማል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ 20 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም አንዴ 30 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ከእርሳስ ሥራ ይነሳል፤ የሚመለሰው በአንድ ወር ልዩነት የተደረጉ ሁለት ምርመራዎች ከ15 በታች ሲሆኑ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ወይም ለማርገዝ የምታስብ ሴት ከ5 በታች መሆን አለባት። ከአጥንቷ የሚለቀቀው እርሳስ በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋልና እሷን ከዚያ ሥራ ማራቅ ውጤት የማይጠብቅ እርምጃ ነው።

አንዳንድ ሰው የሌሎችን አገር ሕግ አንብቦ «የአሜሪካ መንግሥት እንኳ ከሥራ የሚያነሳው 60 ሲደርስ ነው» ይልዎታል። ሕጉ የ1978 እ.ኤ.አ. ነው። አውሮፓውያን በ70 ላይ ቆመው ኖረው በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ 30 አውርደውታል፤ ከ2029 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 15 ይሆናል። ቁጥሩ የሚወርደው ጉዳቱ ዝቅ ባለ መጠን ላይ ሲታይ ስለኖረ ነው።

ስለ ሄሞግሎቢን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እርሳስ ደም ማነስ ያመጣል ይባላል፤ እውነት ነው። ስለዚህ ርካሹን የሄሞግሎቢን ምርመራ አሠርቶ «ደሙ ሙሉ ነው፣ እርሳስ የለበትም» ብሎ መደምደም የተለመደ ነው። ይህ በሁለት ምክንያት አይሠራም። ደም ማነሱ የሚመጣው ዘግይቶ፣ እርሳሱ በጣም ከፍ ካለ በኋላ ነው። ሁለተኛው የየካና የእንጦጦ ጉዳይ ነው፦ በከፍታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን በአብዛኛው ዓለም ከፍ ይላል፤ ሐኪሞችም ለከፍታ ሲሉ ማስተካከያ ያደርጋሉ። የእኛ ደጋ ነዋሪዎች ግን ደንቡን አይከተሉም። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢን ከባሕር ጠረፍ ነዋሪ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝቶታል። በእንጦጦ ግርጌ ያለ ሠራተኛ «ለከፍታው ስንት መሆን ነበረበት?» የሚለው ጥያቄ ስለዚህ ቀላል መልስ የለውም። ሄሞግሎቢኑን ይለኩ፤ ግን ባለፈው ዓመት ከነበረው ከራሱ ቁጥር ጋር ያስተያዩት እንጂ እርሳሱን ለመገመት አይጠቀሙበት።

ከ45 በላይ የሆነ ወይም የሆድ ቁርጠት፣ የእጅ መዛል፣ የአእምሮ መደናገር ያለበት ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። እርሳስን ከሰውነት የሚያስወጣ መድኃኒት አለ፤ የሚያዘው ግን ሐኪም ነው፤ ሠራተኛው ያን መድኃኒት እየወሰደ በዚያው ክፍል መሥራቱን መቀጠል የለበትም።

ወርክሾፑን ማስተካከል

ብዙ ባለ ወርክሾፖች ወዲያው የሚያስቡት ወተት ነው። ሠራተኛው በቀን አንድ ብርጭቆ ወተት ይጠጣል፣ መርዙን «ያጥባል»። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ በካልሲየም የጠገበ ሰው እርሳስ ትንሽ ያነሰ ይወስዳል። የተነፈሰውን ጭስ ግን ከሳንባው አያወጣም። ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። የወተቱን በጀት ለሳሙናና ለውሃ ቢያደርጉት በሚቀጥለው ዙር ልዩነቱን በቁጥር ሊያዩት ይችላሉ።

እኛ የምንበላው በእጅ ነው፤ እንጀራ ቆርሰን፣ ጎርሰን፣ አጉርሰን። ስለዚህ እጅ መታጠብ በዚህ አገር ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። በቤንዚን ወይም በናፍጣ መታጠብ ቅባቱን ያስለቅቃል፤ ሠራተኛው እጁ የነጻ ይመስለዋል፤ እርሳሱ ግን ጥፍሩ ሥር አለ። ሳሙናና የጥፍር ብሩሽ ከቧንቧው አጠገብ ይሁኑ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለእጅ መታጠቢያ ብቻ የተለየች ትንሽ ሮቶ ትኑር፤ ለመኪና ማጠቢያ እንዳትቀዳ ክዳኗ ይቆለፍ። ምሳ፣ ቡና፣ ጫትና ሲጋራ ከሥራ ክፍሉ ውጭ ይሁኑ።

ጾም ላይ አንድ ነገር ሊታወቅ ይገባል። ባዶ ሆድ እርሳስን በጣም ይስባል፤ ከምግብ ጋር የገባው ጥቂቱ ብቻ ሲቀር፣ በባዶ ሆድ የገባው ከግማሽ በላይ ወደ ደም ሊያልፍ ይችላል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ፣ በረመዳንም ቀኑን የሚውል ሠራተኛ በእነዚያ ሳምንታት እርሳስ ከሚቀልጥበት ቦታ ቢርቅ ይመረጣል። ማቅለጡን ለሌላ ጊዜ ማከማቸት ከቻሉ ያከማቹት። ካልቻሉ ተራውን ለማይጾም ሰው ይስጡ፣ አስቀድመው ግን ይነጋገሩበት። ጤፍ በካልሲየምና በብረት ማዕድን ከብዙ እህሎች ስለሚሻል የጾም ማዕዱ ራሱ ይረዳል፤ የሚጎዳው ባዶው ሰዓት ነው።

አቧራ በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ፤ ይርጠብ፣ ይታበስ። የሥራ ልብስን በኮምፕሬሰር አየር ማራገፍ ይቁም። ይህ ልማድ በየጋራዡ ስላለ ለማስቀረት አንድ ጊዜ መናገር አይበቃም። እርሳስ የሚቀልጥበት ምድጃ በር አጠገብ ወይም ከጣሪያው በላይ የሚያወጣ ቱቦ ያለው ይሁን፤ ሙቀቱም ከሚያስፈልገው አይብለጥ፣ በሞቀ ቁጥር የሚተነው ይበዛልና። ቀለም ከመፋቁ በፊት ይርጠብ። ማስክ የሚሰጡ ከሆነ ለአቧራና ለብረት ጭስ የተሠራ ማጣሪያ ያለው መሆን አለበት፤ በኮሮና ጊዜ የለበስናት ቀጭን ጨርቅ ለዚህ ምንም አትሆንም። ከሥራ የተነሳን ሰው ደመወዙን ሳይነኩ ወደ መለዋወጫ መጋዘን ወይም ወደ ርክክብ ሥራ ያዛውሩት። ከደመወዙ እንደሚቀንስ ያወቀ ሠራተኛ በሚቀጥለው ዙር አይመጣም።

ቱታው

ቱታው ወርክሾፑ ውስጥ ይቅር፣ እዚያው ይታጠብ። ወደ ቤት ከሄደ በአንድ ሳፋ ውስጥ ከሕፃናት ልብስ ጋር ይዘፈዘፋል። በሴኔጋል ዳካር ዳርቻ፣ ቲያሮይ ሱር ሜር በተባለ ሰፈር፣ በ2007 እና 2008 እ.ኤ.አ. አሮጌ ባትሪ ከሚፈርስበት አካባቢ የነበሩ 18 ሕፃናት ሞተዋል፤ የአብዛኞቹ እናቶች ኑሮ ከዚያው ሥራ ጋር የተያያዘ ነበር። ከ20 በላይ የሆነ ሠራተኛ ከስድስት ዓመት በታች ልጅ ካለው ልጁም ይመርመር፤ ወጪውን እርስዎ ቢሸፍኑት ትክክል ነው። ቤተሰቡ እዚያው ጓሮ የሚኖር ከሆነ ጥያቄው አይጠየቅም፣ ይመርመሩ። ከሰፈሩ አፈር ደግሞ እርሳስ በራሱ አይጠፋም፤ ጋራዡ ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወር እንኳ የድሮው ግቢ የልጆች መጫወቻ ወይም የጎመን መደብ መሆን የለበትም። ከእንጦጦ ወርዶ ወደሚያልፈው ወደ ቀበና ወንዝ የባትሪ አሲድና ደለል መድፋት ደግሞ ጉዳዩን ከግቢዎ አውጥቶ ለታች ሰፈር መስጠት ነው።

መዝገቡ

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ፦ ቀኑ፣ ቁጥሩ፣ ላቦራቶሪው፣ በዚያ ጊዜ የሠራበት ክፍል፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተለወጠ። የመጨረሻውን ዓምድ ባዶ አይተዉት። የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጠይቀው ምርመራ ማድረግዎን ብቻ ሳይሆን ምን እንዳደረጉበት ነው። የሥራ በሽታ ካሳ ጥያቄ ቢነሳም ለሠራተኛውም ለእርስዎም ማስረጃው ይኸው ገጽ ነው። መዝገቡ ይቆለፍበት፤ ለዓመታትም ይቀመጥ፤ አብዛኛው እርሳስ በአጥንት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይኖራልና ጥያቄው ከሠራተኛው ሽማግሌነት ጋር ሊመለስ ይችላል።

ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ የውጤቶቹን ሁሉ ቅጂ በእጁ ይስጡት፤ አዲሱ ቀጣሪም መነሻ ቁጥር ያገኛል። የመጨረሻውን ደም በለቀቀበት ሳምንት ያስቀዱት። «ከዕረፍቴ ስመለስ እመጣለሁ» ካለዎት አይስማሙ፤ ወር ቆይቶ የተወሰደ ደም ወርዶ ይገኛልና የእርስዎን ወርክሾፕ ሁኔታ አይነግርዎትም።